ካርል ቴርዛጊ፦ በአፈር ውስጥ የሚሰርግ ውሃን ጉልበት የለኩ መሐንዲስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ይደርሳል። ሜዳው ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ በረጅም ዘመን አምጥተው ያነጠፉት ደለል ነው። ከላይ ዋልካ፣ ከሥሩ በየቦታው አሸዋና ደቃቅ ደለል እየተፈራረቀ ይገኝበታል። በክረምት ወንዞቹ ይሞላሉ፤ የጣና ሐይቅም በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ስለሚል ውሃው ቶሎ የሚሸሽበት መንገድ አያገኝም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ይህን ለአገሩ ሰው ያስተማረው በከባድ ዋጋ ነው።

እንዲህ ባለ የደለል ሜዳ ላይ የሚፈስስን ወንዝ የሚያጠና ሰው ሁለት እንግዳ የሚመስሉ ነገሮች ያጋጥሙታል። አንደኛው፣ የወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ የሚናደው ወንዙ እስከ አፉ በሞላበት ሰዓት ሳይሆን ሙላቱ ከጎደለ በኋላ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዳይክ የሚባለው የወንዝ ዳር የአፈር ክትር ውሃ ሳያልፍበትና ሳይሰነጠቅ ከጀርባው ያለው ማሳ ከሥሩ ውሃና አሸዋ እየተፋ የሚፈላበት ጊዜ መኖሩ ነው። ለሁለቱም መልሱ አንድ ሲሆን፣ መልሱን ያገኙት የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በኢስታንቡል ያስተምሩ የነበሩት ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን ይተርካል፤ የሚያተኩረውም የሚሰርግ ውሃ፣ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ ያለውን ጫና እንዴት እንደሚለውጥ በደረሱበት ዕውቀት ላይ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴርዛጊ ኦክቶበር 2 ቀን 1883 በፕራግ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ በዚያ ዘመን በኦስትሮ-ሃንጋሪ መንግሥት ሥር የነበረች ሲሆን አባታቸው የእግረኛ ጦር መኮንን ነበሩ። አባት ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ወደ ግራትስ ተዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ ልጁ አባታቸውን በሞት ተነጠቁ። በአሥር ዓመታቸው የገቡት ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሒሳብንና ጂኦሜትሪን ቢወዱም ውትድርናን የሕይወት ሙያቸው ለማድረግ አልፈለጉም፤ በ1900 በግራትስ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና መማር ጀመሩ። ተማሪነታቸው ጨዋ የሚባል አልነበረም። ጠብና መጠጥ ከትምህርት ገበታ ሊያስባርራቸው ተቃርቦ የነበረ ሲሆን፣ የመካኒክስ መምህራቸው ፈርዲናንድ ቪተንባወር ተከላክለውላቸው ተረፉ። በ1904 ተመረቁ። ቀጥሎ በመጣው የአንድ ዓመት የውትድርና ግዴታ ትርፍ ጊዜያቸውን የሞሉት አንድ የእንግሊዝኛ የመስክ ጂኦሎጂ መመሪያ ወደ ጀርመንኛ በመተርጎም ነው። መካኒካል መሐንዲሱ ዐለትና አፈርን ወደ ማጥናት ያዘነበሉት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት በግንባታ ቦታ ያለፉ ናቸው። በክሮኤሺያ ለውሃ ኃይል ማመንጫ የሚሆን መሬት አጠኑ፤ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ የሕንፃ መሠረት ችግር ፈቱ፤ በ1912 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከግራትስ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በምዕራቡ ክፍል ይገነቡ የነበሩትን ታላላቅ ግድቦች እየተዘዋወሩ ተመለከቱ። የጉዞው ዓላማ ቀላል ይመስል ነበር፤ የየቦታውን ጂኦሎጂ መመዝገብ፣ ግንባታው ምን እንደደረሰበት መመዝገብ፣ ከዚያም ሁለቱን ማገናኘት። ነገር ግን ማስታወሻው ሲከማች ዓላማው አልሰመረም። በጂኦሎጂ ካርታ ላይ አንድ ስም የያዙ ሁለት አፈሮች በመሠረት ሥር ሲሆኑ ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ያሳዩ ነበር። አንዱ ሕንፃውን ይሸከማል፣ ሌላው ያሰምጠዋል። የአፈሩ ስም የአፈሩን ጥንካሬ አይናገርም። ቴርዛጊ በ1913 መጨረሻ ባዶ እጃቸውን እንደተመለሱ ተሰምቷቸው ወደ አገራቸው ገቡ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከሕይወታቸው ጉዞዎች ሁሉ ፍሬያማው ይህ ነበር፤ መለኪያ የሌለው ስም ብቻውን የትም እንደማያደርስ ያወቁት በዚህ ነውና።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለጦርነት ተጠርተው በሰርቢያ ግንባር የምህንድስና ጦር አዘዙ። በ1916 የቀድሞ መምህራቸው ፊሊፕ ፎርሽሃይመር ባመቻቹላቸው ዕድል የኦቶማን መንግሥት የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ወደ ኢስታንቡል ተላኩ። ጦርነቱ በ1918 በሽንፈት ሲያበቃ ግን የተሸናፊው ወገን ዜጋ ስለነበሩ ከሥራቸው ተሰናበቱ። በባዕድ አገር ያለ ደመወዝ የቀሩትን ሰው የተቀበላቸው በዚያው ከተማ የነበረው የአሜሪካውያን ሮበርት ኮሌጅ ነው።

የአፈር መካኒክስ የተወለደው በዚህ ኮሌጅ ነው። ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም፤ መሣሪያዎቻቸውን የሠሩት ከተገኘው ቁሳቁስ ሲሆን፣ ኮሌጁ የጣላቸው ቁርጥራጮች ሳይቀሩ አገልግለዋል። ውሃ የጠገበ ሸክላ በቀለበት ውስጥ አድርገው ከላይና ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖሩ፤ ክብደት ጫኑበት፤ ምን ያህል እንደሚሰምጥ በየሰዓቱ መዘገቡ። ሸክላው ወዲያው አልተጨመቀም። ክብደቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ስምጠቱ ቀስ እያለ ለሰዓታትና ለቀናት ቀጠለ። ጉሽ ጠላ በጨርቅ ያጠለለ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ ቋጠሮውን የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት ፈሳሹ ከጨርቁ እስኪወጣ ድረስ አተላው አይጠብቅም። ጭነቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በውሃው ላይ ነው። ውሃው እየሰረገ ሲወጣ ጭነቱ ቀስ በቀስ ወደ ቅንጣቶቹ ይሸጋገራል፤ አፈሩም የሚሰምጠውና የሚጠነክረው በዚያ መጠን ብቻ ነው።

ቴርዛጊ ከዚህ ያወጡት ሕግ በአንድ የመቀነስ ስሌት ይጠቃለላል። በአንድ ጥልቀት ላይ ያለውን ጠቅላላ ጫና፣ ማለትም ከላይ ያለውን የአፈርና የውሃ ክብደት ይወስዷል፤ ከዚህ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት ይቀንሷል። የሚቀረው ቅንጣት ቅንጣትን የሚጫንበት ውጤታማ ጫና ነው። የአፈር መሰባሰብም፣ መናድም፣ መቆምም የሚወሰነው በዚህ ቀሪ ነው። በ1923 ስምጠቱ ከጊዜ ጋር ያለውን ዝምድና በሒሳብ አስቀመጡ፤ ቀመሩ ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ ከሚሠራጭበት ቀመር ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም የሚያስገርመው ውሃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። ውሃ የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ 20 ኪሎኒውተን ይመዝናል እንበል፤ የውሃውን ክብደት ለስሌት እንዲመች 10 እናድርገው። ውሃው እስከ መሬቱ ገጽ ሞልቶ ጸጥ ብሎ ከቆመ፣ በ3 ሜትር ጥልቀት ላይ ጠቅላላው ጫና 60 ኪሎፓስካል፣ የውሃው ግፊት 30፣ ውጤታማው ጫናም 30 ይሆናል። ውሃው ወደ ታች የሚሰርግ ከሆነና በየሜትሩ ግማሽ ሜትር ከፍታ የሚያጣ ከሆነ ግን ውሃው ቅንጣቶቹን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል። የውሃ ግፊቱ ወደ 15 ይወርድና ውጤታማው ጫና 45 ይሆናል፤ አፈሩ ይጠብቃል። በዚያው መጠን ወደ ላይ የሚሰርግ ከሆነ ደግሞ የውሃ ግፊቱ 45፣ ውጤታማው ጫና 15 ብቻ ይሆናል። ወደ ላይ የሚሰርገው ውሃ በየሜትሩ አንድ ሙሉ ሜትር ከፍታ ሲያጣ የውሃው ግፊት 60 ይደርሳል፤ ለቅንጣቶቹ የሚቀራቸው ጫና ዜሮ ነው። በአራቱም ስሌቶች አፈሩ ያው ነው፤ ክብደቱም፣ ከላይ የሚታየው የውሃ መጠንም አልተለወጠም። የተለወጠው ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫና የከፍታ ልዩነቱ ብቻ ነው።

ውጤታማ ጫናው ዜሮ የሆነ አሸዋ ፈሳሽ ነው፤ የቆመበትን ይውጣል። ብዙ ሰው የሚውጥ አሸዋ የሚባል የተለየ ዓይነት አሸዋ ያለ ይመስለዋል፤ የለም። ከጉማራ ወንዝ በጭነት መኪና ወጥቶ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የሚውለው አሸዋም ከሥሩ በቂ ውሃ ወደ ላይ ከተገፋበት ይውጣል፤ ውሃው ሲቋረጥ ተመልሶ ሰው ይሸከማል። ይህ የድንበር መጠን ሃይድሮሊክ ግራዲየንት በሚባለው ልኬት ሲገለጽ ለአብዛኛው አሸዋ ወደ 1 ይጠጋል።

ቴርዛጊ ይህን ለግድብ ያዋሉት ገና በ1922 ነው። በግድብ ሥር የሚያልፍ ውሃ ከግድቡ ግርጌ ወደ ላይ ሲወጣ መሬቱን እንዴት እንደሚያነሣና ግድቡን እንዴት እንደሚያፈርስ በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ አሳዩ። መፍትሔያቸው ከሁሉ የሚደነቅ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበረው ልማድ ውሃውን ማገድ ላይ ያተኩር ነበር፤ እርሳቸው ግን ውሃውን አሳልፈው አፈሩን ያዙ። ውሃ በሚወጣበት ቦታ ላይ ከታች ደቃቅ፣ ከላይ እየሻከረ የሚሄድ የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ ይደረጋል። ንጣፉ በክብደቱ መሬቱን ይጫናል፤ ውሃውን በነጻ ያስወጣል፤ ቅንጣቱን ግን አያሳልፍም። ዛሬ በእያንዳንዱ የአፈር ግድብ ውስጥ የሚሠራው ማጣሪያ የዚህ ልጅ ነው። ከእርሳቸው የወረደው መለኪያም፣ በማጣሪያው ውስጥ 15 በመቶው ቅንጣት የሚያንስበት መጠን በሚጠበቀው አፈር ውስጥ 85 በመቶው ቅንጣት ከሚያንስበት መጠን ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንዳይበልጥ የሚያዘው፣ አሁንም በንድፍ ቢሮዎች ይሠራበታል።

በ1925 የአፈር ግንባታ መካኒክስን የሚመለከተው መጽሐፋቸው በጀርመንኛ በቪየና ታተመ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጠርቷቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ወጣቱ አርተር ካሳግራንዴም ረዳታቸው ሆኑ። በ1929 ወደ ቪየና የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመለሱ። በ1930 የጂኦሎጂ ምሁሯን ሩት ዶጌትን አገቡ፤ ባለቤታቸው በሥራም አጋራቸው ነበሩ።

በቪየና ያለፈው ዘመን ግን በአንድ መራራ ጉዳይ ይታወሳል፤ የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው አይገባም። በዚያው ትምህርት ቤት የመካኒክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ፓውል ፊሉንገር በተመሳሳይ ዓመት በ1883 የተወለዱ ሲሆን፣ ገና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በድንጋይ ግድቦች ቀዳዳ ውስጥ ስላለው የውሃ ግፊት ጽፈው ነበር። ቴርዛጊና ኦቶ ካርል ፍሮሊሽ በ1936 የሸክላ ስምጠትን የሚመለከት መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ፊሉንገር በዚያው ዓመት መጨረሻ በራሳቸው ወጪ ባወጡት ጽሑፍ ሳይንሱን ብቻ ሳይሆን የሰዎቹን ሐቀኝነትም ነቀፉ። ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው ጥፋቱን የፊሉንገር አደረገው። በማርች 1937 ፊሉንገርና ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ክርክሩን በሁለት ወገን ማየት ይገባል። በተግባር ጥያቄው ላይ፣ ማለትም የሸክላ ስምጠት በቴርዛጊ ቀመር ይሰላል ወይስ አይሰላም በሚለው፣ ፊሉንገር ተሳስተው ነበር፤ ቀመሩ ሠርቷል፣ እየሠራም ነው። ነገር ግን በዚያ የቁጣ ጽሑፍ ውስጥ ፊሉንገር አፈሩንና ውሃውን ሁለት እርስ በርስ የሚገፋፉ አካላት አድርገው የጻፏቸው እኩልታዎች በኋለኛው ዘመን ቀዳዳ ያላቸውን አካላት ለሚያጠናው ንድፈ ሐሳብ መነሻ ከሆኑት መካከል ተቆጥረዋል። ሰው በዘለፋው ተረትቶ በሒሳቡ ሊረታ ይችላል። ኮሚቴው የመረመረው ዘለፋውን ነበርና ለሒሳቡ ተገቢው ቦታ የተሰጠው ባለቤቱ ከሞቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቴርዛጊ አሸናፊ ሆነው ቢወጡም ከቪየና ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንደቀድሞው አልሆነም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ ጥቂት ወራት በፊት፣ በጁን 1936፣ ካሳግራንዴ ያዘጋጁት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር መካኒክስና የመሠረት ምህንድስና ጉባኤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቴርዛጊ ነበሩ፤ የውጤታማ ጫና ሕግም በእንግሊዝኛ ጥርት ብሎ ለዓለም መሐንዲሶች የቀረበው በዚያ ነው። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ቴርዛጊ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ ማስተማር ጀመሩ። መኖሪያቸውን በማሳቹሴትስ ዊንቸስተር በምትባል ከተማ አደረጉ። የቺካጎ የምድር ውስጥ ባቡር በለስላሳ ሸክላ ውስጥ ሲቆፈር አማካሪ ነበሩ፤ በ1943 የንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸውን፣ በ1948 ደግሞ ከራልፍ ፔክ ጋር የጻፉትን የተግባር መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለተኛው ዛሬም በሲቪል ምህንድስና ተማሪ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነው። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የኖርማን ሜዳሊያን አራት ጊዜ ሰጥቷቸዋል።

ከአማካሪነት ሥራዎቻቸው መካከል ለኛ አገር አንባቢ የሚቀርበው በግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ነው። ከ1954 ጀምሮ የዓለም አቀፉ አማካሪዎች ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። የቦታው ችግር ከግድቡ ቁመት ይልቅ ከወንዙ ወለል ሥር ያለው ነበር። ዓባይ በዚያ ቦታ የሚፈስሰው ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የአሸዋና የደለል ንጣፍ ላይ ነው። ከዚያ ደለል ብዙው፣ በየክረምቱ የሚመጣው ውሃም አብዛኛው ክፍል፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ውሃ በዚያ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ በግድቡ ግርጌ እንዳይፈላ ማድረግ ዋናው ጥያቄ ነበር፤ ይህም ቴርዛጊ በ1922 የጻፉበት ጥያቄ ራሱ ነው። የሶቭየት መሐንዲሶች ሥራውን ከተረከቡ በኋላ በንድፉ ላይ አለመግባባት ስለተፈጠረ በ1959 ከቦርዱ ለቀቁ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት ነበር፤ ያላመኑበትን ንድፍ በስማቸው አላጸደቁም።

ከአስዋን ወደ ላይ፣ ወንዙን ተከትለን ወደ ጣና ዳርቻ ስንመለስ፣ በመግቢያው የተነሡት ሁለቱ ጥያቄዎች ይጠብቁናል። የወንዝ ዳር ለምን ከሙላቱ በኋላ ይናዳል? ወንዙ ሞልቶ ለቀናት ሲቆይ የዳሩ ሸክላ ውሃ ይጠግባል፤ በወንዙ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ዳሩን ከጎን ደግፎ ይይዘዋል። ሙላቱ በአንድ ሌሊት ሲጎድል ድጋፉ ይነሣል። ዋልካ ውሃን የሚለቀው እጅግ በዝግታ ስለሆነ በውስጡ ያለው ግፊት በቦታው ይቀራል፤ ውሃውም ወደ ወንዙ እየሰረገ ዳሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ጠቅላላው ጫና አለ፣ የውሃው ግፊት አለ፤ ለቅንጣቶቹ የሚቀረው ግን ዳሩን ለማቆም አይበቃም። ስለዚህ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት፣ የሞተር ፓምፕ የሚተከልበት ዳር አደገኛ የሚሆነው ወንዙ የተረጋጋ በሚመስልበት በዚያ ሳምንት ነው።

ሁለተኛውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከዳይኩ ጀርባ 2 ሜትር ውፍረት ያለው ዋልካ ከወንዙ ጋር በተገናኘ የአሸዋ ንጣፍ ላይ ተኝቷል እንበል፤ አንዱ ሜትር ኩብ ዋልካ ውሃ ሲጠግብ 17 ኪሎኒውተን ይመዝናል። በዋልካው ሥር ያለው ጠቅላላ ጫና 34 ኪሎፓስካል ነው። ወንዙ ሲሞላ በአሸዋው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሳው ገጽ ግማሽ ሜትር ከፍ ሊል የሚችል ግፊት ቢኖረው፣ በዋልካው ሥር ያለው የውሃ ግፊት 25 ይሆናል፤ 9 ተርፏልና መሬቱ ይቆማል። ያ ግፊት አንድ ሜትር ተኩል ቢደርስ ግን የውሃው ግፊት 35 ሆኖ ከ34 ይበልጣል። ዋልካው ይነሣል፣ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ በስንጥቁ መውጣት ይጀምራል። የሚወጣው አሸዋ ከኋላው ባዶ ቦታ እየተወ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ቧንቧ የመሰለ መንገድ ይከፍታል፤ መንገዱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ዳይኩ ከላይ ሙሉ ሆኖ ከሥሩ ይፈርሳል።

ከዚህ ስሌት አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል፤ በሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ዳይክ ለማደስ አፈር ሲፈለግ በቅርብ የሚገኘው ከዚያው ከዳይኩ ግርጌ ያለው ዋልካ ነው። 2 ሜትር ከነበረው ላይ 1 ሜትር ከተቆረጠ የሚቀረው ጫና 17 ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ምንም ጉዳት ያላመጣው የ25 ግፊት አሁን ጉድጓዱን ከሥር ይሰነጥቀዋል። ጉድጓዱ በውሃ ቢሞላ ግን 1 ሜትር ውሃ 10 ስለሚጨምርበት ጫናው 27 ይሆናል፤ ይቆማል። እንግዲህ በክረምት ከዳይክ ጀርባ ያለ የአፈር ማውጫ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ አስቀያሚ ቢመስልም፣ በፓምፕ ማድረቁ ከመተው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አሸዋ የሚተፋ ምንጭ ሲታይም አፉን በጭቃ መድፈን ውሃውን ወደ ሌላ ደካማ ቦታ መላክ ነው። ትክክለኛው ሥራ በምንጩ ዙሪያ በአፈር ከረጢት ክብ ግርግዳ ሠርቶ ውሃው በውስጡ ከፍ እንዲል መፍቀድ፣ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል መጠበቅ፣ ከተገኘም ጠጠርና አሸዋ በማጣሪያ ሥርዓት ማንጠፍ ነው። ይህ የ1922ቱ ሐሳብ በአካፋና በከረጢት ሲሠራ ነው።

የቴርዛጊ ሕግ ውሃ ለጠገበ አፈር የተጻፈ መሆኑም መታወቅ አለበት። በሚያዝያ የፎገራ ዋልካ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲያወጣ በቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ቅንጣቶቹን አይገፋም፣ ይልቁንም እርስ በርስ ይስባቸዋል። ለዚህ ሁኔታ ሕጉን ያስፋፉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። የዳይክ ሰውነት በበጋ ተሰንጥቆ የመጀመሪያው የክረምት ሙላት በስንጥቁ ሲገባበት የሚሆነው ነገር በሁለቱ ሁኔታዎች ድንበር ላይ ስላለ ለሳይንሱ ገና አስቸጋሪ ነው፤ በአካባቢያችን ላሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ የቀረበ የመስክ ጥናት ርዕስ ማግኘት ያዳግታል። ከሜዳው በላይ 73 ሜትር ያህል ቁመት ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተነደፈው የርብ ግድብም የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ነው። እንዲህ ባለ ግድብ ውስጥ የውሃ ግፊትን የሚለካ መሣሪያና ከግርጌ የሚወጣው ውሃ መጠንና ጥራት በየጊዜው የሚመዘገብበት መዝገብ ከግድቡ ቁመት የማያንስ ዋጋ አላቸው። ግርጌው ላይ የሚወጣ ጥርት ያለ ውሃ አያስደነግጥም፤ አንድ ቀን ደፍርሶ የወጣ ውሃ ግን ያስደነግጣል።

ቴርዛጊ ራሳቸው እስከ መጨረሻው በመለካት ያምኑ ነበር። ንድፍ የሚያልቀው ግንባታው ሲያልቅ አይደለም፤ መሬቱ የሚሰጠውን ምላሽ እያዩ ንድፉን ማረም የሥራው አካል ነው የሚል አቋም ነበራቸው፤ ፔክ ይህን አሠራር በኋላ ሥርዓት አስይዘውታል። የመጨረሻው ታላቅ ሥራቸው በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተሠራው የሚሽን ግድብ ነው። ግድቡ የቆመው በጣም በሚጨመቅ ሸክላ ላይ ስለነበር መሬቱ ሲሰምጥ ውሃ የሚያግደው የሸክላ ንጣፍ ሊቀደድ ይችል ነበር፤ ይህን ለመከላከል በንጣፉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን እንዲደረግ አደረጉ። በዚያን ዘመን ለግድብ እንዲህ ያለ ሽፋን እንግዳ ነገር ነበር። በዕድሜያቸው መጨረሻ ጤናቸው እየደከመ ሳለም ስለዚሁ ግድብ ከኢቭ ላክሯ ጋር ይጽፉ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 1963፣ ሰማንያ ዓመት በሞላቸው በሦስተኛው ሳምንት፣ በዊንቸስተር አረፉ። ጽሑፉ በተከታዩ ዓመት ታተመ፤ ግድቡም በ1965 በስማቸው ተሰየመ።